ከፍ ያለ ጭነት ይዞ በብረት ትረስ ድልድይ ውስጥ ማለፍ፦ ለከባድ መኪና አሽከርካሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

የስካጊት ወንዝ በዋሽንግተን ግዛት ማውንት ቨርነንና በርሊንግተን የተባሉ ሁለት ትናንሽ ከተሞችን ይለያያል፤ ሁለቱን የሚያገናኘው የኢንተርስቴት 5 ድልድይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1955 የተሠራ የብረት ትረስ ድልድይ ነው። በሜይ 23 ቀን 2013 ምሽት አንድ ሰዓት ገደማ ከፍ ያለ ጭነት የያዘ አንድ ከባድ መኪና ከመንገዱ በላይ ያሉትን አግዳሚ ብረቶች እየመታ አለፈ፤ ወዲያውም ከአራቱ የትረስ ስፓኖች (በሁለት ምሰሶዎች መካከል ከተዘረጉት የድልድዩ ክፍሎች) በሰሜን ጫፍ ያለው ከነንጣፉ ወንዙ ውስጥ ወደቀ። ሁለት ሌሎች ተሽከርካሪዎች አብረው ወደ ውኃው ገቡ፤ በውስጣቸው የነበሩት ሦስት ሰዎች ግን በሕይወት ተርፈዋል። ጭነቱን የያዘው መኪና ስፓኑን አልፎ ስለነበር አልወደቀም። በቀን 71,000 ያህል ተሽከርካሪ ያስተናግድ የነበረው አውራ ጎዳና ጊዜያዊ ድልድይ ተተክሎ ጁን 19 ቀን እስኪከፈት ድረስ ትራፊኩ በሁለቱ ከተሞች የውስጥ መንገዶች እንዲዞር ተገደደ። ያ ጊዜያዊ ድልድይ አገር ቤት በየወንዙ ላይ የምናውቀው የቤይሊ ተገጣጣሚ ድልድይ የቅርብ ዘመድ ነበር።

ይህ መመሪያ በአሜሪካ በፍላትቤድ፣ በስቴፕ ዴክ ወይም በሎውቦይ (ጎንና ጣሪያ በሌላቸው ተሳቢዎች) ከመደበኛው ቁመት ያለፈ ጭነት ለሚያጓጉዙ፣ ወይም ወደዚህ ሥራ ለመግባት ለሚያስቡ አማርኛ ተናጋሪ አሽከርካሪዎች የተዘጋጀ ነው። ድራይ ቫን (ዝግ ተሳቢ) ወይም ሪፈር (ማቀዝቀዣ ያለው ተሳቢ) የሚነዱም ከፊሉ ይጠቅማቸዋል። በዚህ ዓይነቱ ድልድይ ውስጥ የማሳለፊያው ከፍታ እንደሚነዱበት ሌን ይለያያል፤ ስለዚህ «ጭነቴ ያልፋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ «በየትኛው ሌን?» የሚለው ካልተጨመረበት ትክክለኛ መልስ ሊያገኝ አይችልም።

የድልድዩን ዓይነት መለየት

ትረስ የሚባለው ቀጥ ያሉ ብረቶች በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ተጋጥመው ሸክም እንዲሸከሙ የተደረገበት አሠራር ነው። ለአሽከርካሪ ዋናው ቁም ነገር መንገዱ በትረሱ በየት በኩል እንደሚያልፍ ማወቅ ነው። መንገዱ ከትረሱ በላይ ከሆነ ከራስዎ በላይ የሚነካዎት ነገር ስለማይኖር ጭንቀቱ ስለ ክብደት ብቻ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2007 በሚኒያፖሊስ ወድቆ 13 ሰዎች የሞቱበት የአይ-35 ደብልዩ ድልድይ ከዚህኛው ወገን ነበር፤ ምክንያቱም ብረቶቹን የሚያጋጥሙት ሳህኖች ከሚገባው በታች ሆነው መቀየሳቸው ነበርና ከጭነት ቁመት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። በግራና በቀኝ ብቻ እንደ ግድግዳ የብረት ክፈፍ ያላቸውና ከላይ ክፍት የሆኑ አጫጭር ድልድዮችም አሉ፤ አገር ቤት የለመድነው በአብዛኛው ይህን ዓይነቱን ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው ሦስተኛው ነው። በዚህኛው መንገዱ በሁለቱ የጎን ትረሶች መካከል ያልፋል፤ ትረሶቹም ከላይ በአግዳሚ ብረቶች እርስ በርስ ታስረዋል፤ በመሆኑም የሚያልፈው መኪና በብረት ሣጥን ውስጥ የገባ ያህል ነው። በኦሃዮና በሚሲሲፒ ወንዞች ዳርቻ ያሉ ትናንሽ ከተሞችን የሚያገናኙ ብዙ አሮጌ ድልድዮች እንዲህ ዓይነት ናቸው። ብዙውን ጊዜ ትረሱ የሚጀምረው ከዋናው የወንዝ ስፓን ላይ ስለሆነ፣ መዳረሻው ተራ የኮንክሪት ድልድይ መስሎ ሊያዘናጋ ይችላል። ስለዚህ መንገዱን ከመጀመርዎ በፊት በካርታ ላይ ወንዝ የሚያቋርጡባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ለይተው የእያንዳንዱን መግቢያ በጎዳና ፎቶግራፍ አገልግሎት ይመልከቱ። ሥራው አሰልቺ ቢሆንም ለአንድ ቀን ጉዞ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይወስድም።

አንድ ቁጥር የማይበቃበት ምክንያት

ከላይ ያሉት አግዳሚ ብረቶች ሁልጊዜ እንደ ጣውላ ቀጥ ያሉ አይደሉም። በስካጊት ድልድይ ላይ የብረቶቹ የታችኛው ጠርዝ መሃል ላይ ከፍ ብሎ ወደ ዳር ዳር እየወረደ የሚሄድ ቅስት ነበር። በጎጆ ቤት ውስጥ ምሰሶው አጠገብ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ወደ ግድግዳው ሲጠጋ ጎንበስ ማለት እንዳለበት ሁሉ፣ በዚያ ድልድይም መሃል አካባቢ ከ17 ጫማ በላይ የነበረው የማሳለፊያ ከፍታ በውጭኛው ሌን በኩል እስከ 14 ጫማ ከ5 ኢንች ድረስ ይወርድ ነበር። የጭነቱ ቁመት በፐርሚቱ (ከመደበኛው ልክ ላለፈ ጭነት ግዛቱ በሚሰጠው ልዩ ፈቃድ) ላይ 15 ጫማ ከ9 ኢንች ተብሎ የተመዘገበ ሲሆን፣ መርማሪዎች ሲለኩት 15 ጫማ ከ11 ኢንች ሆኖ ተገኝቷል። መኪናው በግራ ሌን ሄዶ ቢሆን ኖሮ ያልፍ ነበር። በቀኝ ሌን ስለሄደ ግን ብረቶቹን በላይኛው የቀኝ ማዕዘኑ መታቸው። ከድልድዩ በፊት ስለ ከፍታው የሚያስጠነቅቅ ምልክት አልነበረም።

እዚህ ላይ «ማዕዘን» የሚለውን ልብ ይበሉ። ከላይ ጠፍጣፋና ሰፊ የሆነ ጭነት፣ ለምሳሌ ኮንቴነር ወይም የማሽን ቤት፣ ቅስቱን የሚነካው በመሃሉ ሳይሆን በውጭኛው የላይ ጠርዙ ነው። ጣሪያው ክብ የሆነ ታንከር መሰል ጭነት ተመሳሳይ ቁመት እያለው ሊያልፍ ይችል ይሆናል። ሁለቱ ጭነቶች በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ድልድዩ ውስጥ ግን አይደሉም።

አንድ ቀላል የሚመስል አግዳሚ ብረት መምታት ሙሉ ስፓን እንዴት ይጥላል የሚለውን መረዳትም ለጥንቃቄው ክብደት ይሰጠዋል። በሁለት ጫፉ ብቻ በተደገፈ ትረስ ውስጥ የታችኛው ዋና ብረት ይሳባል፤ የላይኛው ደግሞ ይጨመቃል። የሚጨመቅ ቀጭን ብረት ቀጥ ብሎ እስከቆመ ድረስ ከፍተኛ ሸክም ይችላል፤ ትንሽ ወደ ጎን ከተጣመመ ግን አቅሙን በአንድ ጊዜ ያጣል። አግዳሚ ብረቶቹ የተሠሩት ይህ እንዳይሆን ሁለቱን የላይኛ ብረቶች ቀጥ አድርጎ ለመያዝ ነው። ጭነት ሲመታቸው የሚይዙትን ብረት ይዘው ይጎትታሉ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተሠሩ እንዲህ ዓይነት ድልድዮች በአብዛኛው አንዱ ዋና አካል ሲሰበር ሸክሙን የሚረከብ ሌላ አካል የላቸውም። ድልድዩ አርጅቶ ወይም ዝጎ መሆን አይጠበቅበትም፤ በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለውም ቢሆን በዚህ መንገድ ሊወድቅ ይችላል።

ጭነቱን መለካት

ብሮከሩ (ጭነቱን ያገናኘው ደላላ) ወይም ጭነቱን የላከው ድርጅት የሰጠው ቁመት መነሻ ይሆናል እንጂ ልኬት አይደለም። ጭነቱ ከተጫነ፣ በሰንሰለትና በቀበቶ ከታሰረ፣ የአየር ሰስፔንሽኑም ወደ መንጃ ቁመቱ ከተመለሰ በኋላ፣ መኪናው ጠፍጣፋ መሬት ላይ ቆሞ በመለኪያ ዘንግ ይለኩት። የሜትር ገመድ ከመሬት እስከ ጭነቱ አናት ወጥሮ ማንበብ አስተማማኝ አይደለም፤ ገመዱ ትንሽ ካዘመመ የሚሰጥዎት ቁጥር ይለያያል። ከላይ አግድም ክንድ ያለው ዘንግ ዋጋው ከአንድ ጎማ ያነሰ ነውና ይግዙ።

አንድ ቦታ ብቻ ለክተው አይተዉት። በአራቱም የላይ ማዕዘኖች ይለኩ፤ ከዚያም ከጭነቱ ላይ ወጣ ብሎ የቀረ ነገር ካለ ይፈልጉ። የማንሻ ቀለበት፣ የጭስ ማውጫ ቧንቧ፣ የታጠፈ የቡም (የክሬን ክንድ) ጫፍ፣ በሸራ ሥር የተወጠረ እንጨት፣ እነዚህ ሁሉ ከጭነቱ «ቁመት» ውጭ ሆነው ሲዘነጉ ይታያል። ከሁሉም የበለጠውን ቁጥር ይያዙ፤ አጠገቡም የላይኛው ጠርዝ ከመኪናው መሃል መስመር ወደ ቀኝና ወደ ግራ ምን ያህል እንደሚርቅ ይጻፉ። ይህን ሁለተኛ ቁጥር ፐርሚት ሰጪው ላይጠይቅዎት ይችላል፤ ድልድዩ ግን ይጠይቅዎታል። ልኬቱ በፐርሚቱ ላይ ካለው በአንድ ኢንች እንኳ ከበለጠ ፐርሚቱ ሳይስተካከል አይንቀሳቀሱ።

ፐርሚቱ ምን ይላል፣ ምንስ አይልም?

በአብዛኞቹ ግዛቶች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደው ቁመት 13 ጫማ ከ6 ኢንች ሲሆን፣ ዋሽንግተንን ጨምሮ በብዙ የምዕራብ ግዛቶች 14 ጫማ ነው። ከዚያ በላይ ለሆነው ፐርሚት ይወጣል፤ ብዙ ሰውም ፐርሚቱ ላይ መንገዱ ተዘርዝሮ ሲያይ ግዛቱ ከፍታውን አረጋግጦ የሰጠው ይመስለዋል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። የስካጊቱ መኪና ሕጋዊ ፐርሚት ነበረው፤ ግዛቱ ግን ፐርሚቱን ሲሰጥ ከፍታው እንደሚያሳልፍ ዋስትና አልገባም፤ መንገዱን የማጣራት ኃላፊነት የአጓጓዡ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድም ለአደጋው መንስኤ ናቸው ካላቸው ነገሮች መካከል የድርጅቱን በቂ ያልሆነ የመንገድ ዝግጅት ከግዛቱ ፐርሚት አሰጣጥ ጉድለት ጋር ጠቅሷል። ከግዛት ግዛት አሠራሩ ስለሚለያይ የእያንዳንዱን ፐርሚት የግርጌ ሁኔታዎች እስከ መጨረሻው ያንብቡ። ረጅምና አሰልቺ መሆናቸው እውነት ነው፤ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ የሚገልጸው ዓረፍተ ነገር ግን ሁልጊዜ እዚያ ውስጥ ነው።

በመንገድዎ ላይ ከላይ የታሰረ ትረስ ድልድይ ካለ ወደ ግዛቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ይደውሉ፤ የአውራ ጎዳናውን ቁጥር፣ የማይል ምልክቱንና የሚሄዱበትን አቅጣጫ ይንገሯቸው። ጥያቄዎ «ዝቅተኛው ከፍታ ስንት ነው?» ብቻ አይሁን። በየሌኑ፣ በነጭ መስመሩ ላይ፣ በሌን መከፋፈያው ላይና በመንገዱ መሃል ያለውን ከፍታ ይጠይቁ፤ ያነጋገሩት ሰው ካላወቀ ወደ ድልድይ ክፍሉ እንዲያስተላልፍዎት ይጠይቁ። ስልክ ላይ ያለ ተራ ጂፒኤስ ስለ ከፍታ ምንም አያውቅም። ለትራክ የተዘጋጀው ይሻላል፤ ነገር ግን እሱም ስለ አንድ ድልድይ በአብዛኛው አንድ ቁጥር ብቻ ነው የያዘው።

አጃቢ መኪናው

ከፍ ላለ ጭነት በአብዛኛው ከፊት የከፍታ መለኪያ ዘንግ የተከለ አጃቢ መኪና፣ በሠራተኛው አነጋገር ፓይለት ካር፣ እንዲኖር ይጠየቃል። ዘንጉ ከጭነቱ በጥቂት ኢንች ከፍ ብሎ ይስተካከላል። ከመነሳታችሁ በፊት የዘንጉን ቁመት ራስዎ በራስዎ መለኪያ ይለኩ፤ የአጃቢው ሾፌር ቅር ቢለው ቅር ይበለው።

ዘንጉ የሚናገረው ራሱ ባለፈበት ሌን ላይ ላለው ከፍታ ብቻ ነው። አጃቢው በግራ ሌን ሄዶ እርስዎ በቀኝ ከተከተሉ ዘንጉ ከነጭራሹ እንዳልነበረ ይቁጠሩት። በስካጊት ዘንጉ 16 ጫማ ከ2 ኢንች ላይ ተስተካክሎ ነበር። የአጃቢዋ ሾፌር ዘንጉ ምንም እንዳልነካ ብትናገርም፣ አንድ የዓይን እማኝ ግን የድልድዩን ብረት ሲመታ ማየቱን ለመርማሪዎች ተናግሯል። በዚያው ጊዜ በስልክ እያወራች ነበር፤ ስልኩ በእጅ የማይያዝ ዓይነት መሆኑ ልዩነት አላመጣም። ቦርዱ በስልክ መዘናጋቷን ከአደጋው መንስኤዎች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። እኔ ብጠየቅ፣ ወደ ትረስ ድልድይ ሲቃረቡ ከሬዲዮው በስተቀር ማናቸውም ስልክ መዘጋት አለበት የሚለውን ከውሉ ላይ አስቀድሞ ማስፈር ይገባል እላለሁ።

ሬዲዮውን በየድልድዩ ፊት ይሞክሩት። የሚባባሉትንም አስቀድመው ይወስኑ፤ ዘንጉ ከነካ አንድ ቃል፣ ለምሳሌ «ቁም»፣ ይበቃል፤ ማብራሪያው ከቆሙ በኋላ ይመጣል።

ከዚያ ርቀቱ አለ። በሰዓት 60 ማይል የሚሄድ መኪና በሰከንድ 88 ጫማ ይጓዛል። አጃቢው 400 ጫማ ፊት ከሆነ ዘንጉ ብረቱን ከነካበት ቅጽበት እርስዎ እዚያው ቦታ እስከሚደርሱ ያለው ጊዜ አራት ሰከንድ ተኩል ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ እሱ መንካቱን ያስተውላል፣ ሬዲዮውን ያነሳል፣ ይናገራል፤ እርስዎም ይሰማሉ፣ ፍሬን ይይዛሉ። ለሲዲኤል (ለከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ያጠናነው መጽሐፍ በሰዓት 55 ማይል በደረቅ መንገድ ላይ ለማየት፣ ለመወሰንና ለመቆም ቢያንስ 419 ጫማ እንደሚያስፈልግ ይነግረናል። የሬዲዮው መልእክት የሚፈጀው ጊዜ በዚህ ውስጥ አልተካተተም። ስለዚህ ወይ ርቀቱን በእጥፍ ይጨምሩ ወይ ፍጥነቱን ይቀንሱ፤ በትረስ ድልድይ ፊት ሁለቱንም ማድረግ ይመረጣል።

ስፋትና ክብደት

አሮጌ የወንዝ ድልድዮች ጠባብ ናቸው። በኦሃዮ ወንዝ ላይ ሚልተን የተባለችውን የኬንታኪ ከተማና ማዲሰን የተባለችውን የኢንዲያና ከተማ ያገናኝ የነበረው እ.ኤ.አ. የ1929 ትረስ ድልድይ የመኪና መንገዱ 20 ጫማ ስፋት ብቻ ነበረው። የአንድ ትራክ ስፋት መስታወቶቹን ሳይጨምር ስምንት ጫማ ተኩል ነው፤ ሁለት ትራኮች ፊት ለፊት ሲገናኙ 17 ጫማ ይወስዳሉ፤ ለመስታወቶቹና ለሦስቱ ክፍተቶች የሚተርፈው ሦስት ጫማ ነው። ያ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2014፣ 40 ጫማ ስፋት ባለው ሌላ ትረስ ተተክቷል፤ የእሱ ዘመን እኩዮች ግን በየወንዙ ዳር አሁንም አሉ። ሰፊ ጭነት ከያዙ ከወዲያኛው ጫፍ ትራፊኩን የሚያቆም ሰው ሳይኖር አይግቡ።

ክብደትን በተመለከተ የፌዴራሉ ወሰን በጠቅላላ 80,000 ፓውንድ፣ በአንድ አክስል 20,000፣ በጥንድ አክስል ደግሞ 34,000 ፓውንድ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። በድልድዩ መግቢያ የትራክ ሥዕልና የቶን ቁጥር ያለበት ምልክት ካዩ ግን የሚገዛዎት የምልክቱ ቁጥር ነው። እዚያ ላይ የሚጻፈው ቶን 2,000 ፓውንድ ነውና ከሜትሪክ ቶን ጋር አያምታቱት።

መሻገሩ

ድልድዩ አንድ ማይል ሲቀረው ከፍታው በሚበቃው ሌን ውስጥ መሆን አለብዎት። በስካጊት ጭነቱን የያዘው መኪና ድልድዩ ላይ ሲደርስ ሌላ ከባድ መኪና በግራ በኩል እየቀደመው ነበር፤ በዚያን ጊዜ ወደ ግራ ልግባ ቢሉ እንኳ ቦታ የለም። ከኋላ የሚከተል አጃቢ ካለዎት ሌኑን አስቀድሞ ይዞ እንዲጠብቅልዎት ያድርጉ። ድልድዩ በየአቅጣጫው አንድ ሌን ብቻ ያለው ከሆነና ከፍታው የሚበቃው በመሃል ቢጫው መስመር ላይ ብቻ ከሆነ፣ መሃሉን ይዞ መሄድ በፐርሚቱ ላይ በግልጽ የተፈቀደ መሆን አለበት፤ የፊት ለፊቱን ትራፊክ የሚያቆም ፖሊስ ወይም ባንዲራ ያዥም ያስፈልጋል። ይህ ካልተዘጋጀ ከድልድዩ በፊት ባለው ሰፊ ቦታ ይቁሙና ይደውሉ። ዲስፓቸሩ (ከቢሮ ሆኖ ጉዞውን የሚያስተባብረው) ስለ ሰዓት የሚያነሳውን ክርክር በቆመ መኪና ውስጥ ሆኖ መስማት ይቻላል።

ድልድዩ ውስጥ ሲገቡ ዝግ ባለና በማይለዋወጥ ፍጥነት ይሂዱ። የመንገዱ ንጣፍ ከስፓን ወደ ስፓን በሚጋጠምበት ቦታ መኪናው ይዘላል፤ ፍጥነቱ ከፍ ባለ ቁጥር ጭነቱ የሚነሳበት ኢንችም ይጨምራል። በክረምት የድልድይ ንጣፍ ከመዳረሻው መንገድ ቀድሞ በረዶ ስለሚይዝ በውስጡ ሆነው ሌን ለማስተካከል አይሞክሩ።

ብረት ከተመታ

በድልድዩ ውስጥ ሳሉ ከላይ የመምታት ድምፅ ከሰሙና መኪናው መንቀሳቀስ የሚችል ከሆነ ከስፓኑ ይውጡ። ጭነቱ ብረቱ ሥር ተወጥሮ ከቀረ ግን በኃይል አይጎትቱት፤ መኪናውን ትተው በእግር ይውጡ። ከድልድዩ እንደወጡ ቆመው አደጋ አመልካች መብራቱን ያብሩ፤ 911 ደውለው ድልድዩ መመታቱንና ወዲያውኑ ከሁለቱም አቅጣጫ መዘጋት እንዳለበት ይናገሩ። ከአጃቢዎቹ ጋር ሆነው ከኋላ የሚመጣውን ትራፊክ ለማስቆም ይሞክሩ፤ አንድም ሰው ግን ወደ ስፓኑ ተመልሶ አይግባ። ቦታውን ለቆ መሄድ በወንጀል ያስጠይቃል። የቀለም ፍቀት ብቻ የመሰለ ምት ቢሆን እንኳ ያሳውቁ፤ የተጨመቀ ብረት መጣመሙን ከመኪና መስኮት ሆኖ መለየት አይቻልም፤ መሐንዲስ ወጥቶ ማየት አለበት።

ሲመለሱ

በሰላም ያለፉበትን ድልድይ በመመለሻው እንደታወቀ አይቁጠሩት። አቅጣጫው ሲቀየር ሌኑም የቅስቱ ጎንም ይቀየራል። በስፕሪንግ የሚሄድ ትሬይለር ባዶውን ሲሆን ከተጫነው ይልቅ ከፍ ይላል፤ በሎውቦይ ላይ የሚመለሰው ማሽንም ከሄደው ይለያል። መንገዱ በመካከሉ አዲስ አስፋልት ለብሶ ወይም በረዶ ተጠቅጥቆበት ከሆነ በምልክቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከእውነተኛው ከፍታ ይበልጣል። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት ማዕዘኖቹን እንደገና ይለኩ፤ ለመመለሻው አቅጣጫ የየሌኑን ከፍታም እንደ አዲስ ይጠይቁ።